የሐሙስ ተራ

ከበርበሬ ወንዝ ወረድ ብሎ፣ ከጎሚስታው በር፣
ሃያ ሦስት ሞተር፣ አንድ የቅሬ ደብተር።
ደብተሩ ጌጡ ዘንድ ነው፤ ጠርዙ ግሪስ የጠጣ፣
ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለቅሶ ማን መጣ።
አንድ ጠዋት ገለጥ ቢል፣ ያለ ሐተታ፣ ያለ መግቢያ ቃላት፦
«የእብሬ ባለቤት ሉባባ። ኩላሊት።»
ከሥሩ ሁለት ቀን፣ ሁለት ስም፤
ሰኞ አራጋው፣ ሐሙስ እኔ።
ማንም «ለምን እኔ» አላለም።

እብሬማ አብሯት ቢውል፣ ማን ሠርቶ ይከፍላል?
የደሴው ማሽን እንደሁ ደም አጥቦ ብር ይላል።
እሱ ታች ኮምቦልቻ ሰው ሲጭን ይውላል፣
እኛ ሽቅብ እሷን፤
አንስተን አናውቅም የቤንዚኑን ነገር፣ የቀረብንን ቀን።

መጀመሪያ ሰሞን አፍራ፣ ወገብ መያዙን ፈርታ፣
የምሳ ዕቃዋን እንደ አጥር በመሀል አስገብታ፣
የኋላውን ብረት ጨብጣ ነበር የምትወጣ።
ሐረጎ ግን ሐረጎ ነው፤ ጥምዙ አጥር አያውቅም፤
ጥር ላይ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለችው፣
ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም።

ከዚያማ ጀርባችንን ለየችው፣ አንድ በአንድ፦
«አራጋው ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ሐይቅ ነው የሚመላለስ።
የሙሄ ጃኬት ገረባ ነው፤ አጥቤ ልስጠው ቢፈቅድስ።»
«የኔስ?» እላለሁ።
«ያንተማ…» ብላ ትስቃለች፤ ሳሏ ይቀድማታል፤
የቀረውን ንፋስ ወደ ቦርከና ይዞት ይወርዳል።

ማክሰኞ ሌሊት ሞተች።
የማንም ተራ ባልሆነ ቀን።

ቤንዚን በጠፋ ጊዜ የለመድናት ነገር አለች፤
ሐረጎን ስንወርድ ቁልፍ እናጠፋለን፣ ቁልቁለቷ በነፃ ታወርዳለች።
«የድሃ ማርሽ» እንላታለን፣ እየተሳሳቅን።
ያን ቀን ታንኩ ሁሉ ሙሉ ነበር።
ሚኒባሱ ጀናዛዋን ይዞ ከፊት፣ እብሬ ከእግሯ ሥር፣
እኛ በጉሙ ውስጥ ከኋላ፤
መጀመሪያ አራጋው አጠፋ። ቀጥሎ ሙሄ። ቀጥሎ ሌላ።
ሃያ ሁለት ሞተር፣ አንድም ድምፅ የለ፤
እርጥብ አስፋልት የሚልስ ጎማ ብቻ፣ ሽ… እያለ።
ሽቅብ የሚመጣ ሲኖትራክ ጥጉን ይዞ ጠበቀ፤
ሾፌሩ ምን እንዳየ እንጃ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ደርበው ነበር፤
ማተቡ ላይ ጭቃ ተለጥፎ፣
«አብሽር» ይላል እብሬን፣ «አብሽር»፤
የኛን ቃል፣ ከኛ አስበልጦ።

ሶደቃው አለፈ። እብሬ ግን ሰው መጫን እምቢ አለው።
ዕቃ ብቻ፦ ሲሚንቶ፣ ጄሪካን፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ።
«የኋላው ወንበር ሰው አይችልም» ይላል ለጠየቀው።
ጌጡም ገጹን አልቀደደው፤
እስክርቢቶውን ይዞ ቆየና፣ ደብተሩን አጠፈው።
ስለዚህ ሐሙስ አሁንም የኔ ነው።

ሐሙስ ዕለት፣ እጄ ነው የወሰደኝ፣
ከእብሬ ደጃፍ ቆሜ ሁለቴ ክላክስ አደረግሁ፤
የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።
ልዞር ስል በሩ ተከፈተ።
ምንም አላለም። ከኋላዬ ወጣና
ብረቱን ጨብጦ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ግንባሩ ትከሻዬን ነካው።
«ማሽላ» አለ።
«ምን?»
«ያንተ ጀርባ። ማሽላ ማሽላ ይላል ትለኝ ነበር፤
ከባቲ እህል ስለምትጭን ይሆናል።
‹የአባቴን ጎተራ ይመስለኛል፣ እንቅልፌን ያመጣዋል›
ትለኝ ነበር።»

መንገዱ ገና ወደ ላይ ነበር።
ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ።