ማብሪያ ማጥፊያ

በዚያ ቤት ግድግዳ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣
አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አለ — ብናገር ማን ያምነኝ —
ከሽቦ ያልተያያዘ፣ ከእንጨት ላይ የተሰካ፤
እናት እጇን ሰድዳ፣ በጣቷ ጫፍ ስትነካ፣
መብራቱን የማጠፋው እኔ ነበርኩ፣ ከላይ፣
ከጣሪያው ብረት ሥር፣ ለማንም ሳልታይ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
«ደኅና እደሩ» ስትል፣ ቆጥሬ አንድ አፍታ፣
እጀታውን ሳብ። ጨለማ።
እሑድ ሲተላለፍ፣ ከባሕር እስከ ባሕር፣ በየከተማ፣
ልጅ ሁሉ ወደ አልጋው — ያቺ ሴት ስላለች፤
እሷ ግን የራሷን አንድም አልወለደች።

ስሟ ሚና ነበር፣ ሚና ፍሪዘን፤
ሚናን ከሚናዋ ማን ይለይልን?
ከሳስካቱን የመጣ ደብዳቤ፦ «ልጄን ኩፍኝ ያዘው፤ ምን ላድርግ እባክሽ?»
ሚና ሐኪም ዘንድ ደውላ፣ ጠይቃ፣ ጽፋ መለሰች፤ «በርቺ፣ ይድናል ልጅሽ።»

አባት — ኦርቪል ላክሮ — ጋዜጣ ያነብባል፤
ጋዜጣው አንድ ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል፤
የዚያው የኅዳር ወሬ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፤
«ዛሬስ ምን ይላል?» ስትለው፣ «ሰላም ነው ዓለሙ ሁሉ።»

ደረጃው ሰባት ነው፤ ከሰባት በኋላ ፎቅ የለም፣ መኝታ የለም፤
አንድ ሳንቃ ብቻ። ልጆቹ «ልንተኛ ነው» ብለው ወጥተው፣
እዚያ ተኮልኩለው ብስኩት ይቆረጥማሉ፣ እስኪባል «ይቁም!»

አያት በስምንተኛው ዓመት ሞቱ፤ ማንም ያልጻፈው እውነተኛ ሞት።
«አያታችሁ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ» ብለው ጸሐፊዎቹ ጻፉልን፤
ሦስት ዓመት ሙሉ አጠመደ። በወንበሩ ግን ማናችንም አልተቀመጥን።

ዴዝመንድ ግን አደገ። ውሸት የሌለበት እሱ ብቻ ነበር፤
በስድስት ዓመቱ መጥቶ፣ የበሩ መቃን ላይ ቁመቱ በእርሳስ ሲሠመር፣
ሲሠመር፣ ሲሠመር፣
እኔም መብራቴን በያመቱ አንድ ጣት ከፍ አደርግ ነበር።

የመጨረሻው ቀን የካቲት ነው። ዊኒፔግ በውርጭ ተቀፍድዳ፣
ውጭ የመኪናው ሞተር ድንጋይ ሆኗል፤ ውስጥ በጋ፣ የተቀባ ሜዳ፣
በመስኮቱ የፕላስቲክ ፖም።
ታሪኩ ቀላል ነው፤ ቤቱ ተሸጠ፤ ዕቃው በካርቶን ታሰረ፤
ሮዋና እንኳ መጣች፣ በደመወዝ ተጣልታ የሄደችው፤ ቂሙ ተሻረ።

እናት በሩ ላይ ቆመች። ባዶ ሳሎን። እጇ ወደ ግድግዳ።
ቃሉ «ደኅና እደር፣ ቤታችን» ነው — አምስት ጊዜ ተለማምዳ።
እሷ ግን ወደ ልጁ ዞረች፤ ድርሰቱ የሰጠውን ስም ትታ፣
«ዴዝመንድ፣ ካፖርትህን ልበስ፤ ውጭ ብርድ ነው» — በዚያ በተቀባ በጋ፣ በቀስታ።

ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። ነካችው፤ መብራቱ እንደ በራ።
ደግማ ነካችው፤ እንደ በራ። ቀና አለች፣ ሰው እንደምትጣራ፣
በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ጣሪያው፣ ወደኔ።
«ይቁም!» አለ አዘጋጁ። «ምን ነካህ አንተ?» — ለኔ።

ሁለተኛው ጥሩ ወጣ። ቃሉን አልሳተች፤ እኔም አልዘገየሁ።
አገር ያለቀሰው በዚያ ነው። እኔ ግን የፊተኛውን አየሁ።

ገና ሳንበተን አናጢዎች መጥተው ቤቱን ማፍረስ ጀመሩ፤ ኩሽናውን፣ መጋረጃውን አፈረሱ፤
ኦርቪል ጋዜጣውን አጥፎ ከተተ በኪሱ።
ሚና «መቃኑስ?» አለች። «ጣውላ ነው፤ ውሰጂው» አሏት።
እሷና ዴዝመንድ ተሸክመው፣ በዚያ ብርድ፣ ከመኪናዋ ጣሪያ በገመድ አሰሩት፤
አንዱ ጫፍ ከኋላ ወጥቶ፣ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሎበት፣
በፖርቴጅ ጎዳና ሄደ፣ ከስድስት ዓመቱ እስከ አሥራ ሰባት።

ልጁ ካፖርቱን ለብሷል። አይቼ ተመለስኩ።
ዋናውን እጀታ ያዝኩ፤ አንድ አፍታ ቆጠርኩ።
«ደኅና እደሩ» የሚል የለም።
እኔው አልኩ።