ተራ

ለገሃር። የታክሲው ሰልፍ እንደ ገመድ ተጠማዞ፣
አስራ አንድ ተኩል ላይ፣ ሁሉም ድካሙን ይዞ፣
ከፊቴ የቆሙት ባለ ግራጫው ኮት፣
እጃቸው ላይ ፌስታል፣ ሁለት ዳቦ ያለበት፣
ዞር አሉ፣ የሆነ ነገር ሊሉኝ፤
ሳይሉኝ
ወደቁ።
እንደ ሰው አይደለም፤ ካፖርት ነው፣ ከሚስማሩ የወረደ፤
አንዱ ዳቦ ተንከባሎ ከባቡሩ ምሰሶ ሥር ሄደ።

ሰው ከበበ። ከኋላ ያለው አንገቱን አሰገገ፤
አንድ እግሩን ግን እዚያው፣ ተራው ላይ አደረገ።
«ክብሪት አሽትቷቸው!» «ቁልፍ አስይዟቸው!»
«ውሃ የለም፣ ውሃ?»
«አትንኩ፣ ፖሊስ ይምጣ፤ ኋላ አንተ ነህ ይሉሃል።»

ተንበረከኩ። ትከሻቸውን መታ መታ፤ «አባቴ! አባቴ!»
ዝም።
አፋቸው ብቻ አልፎ አልፎ ይከፈታል፣ ከውሃ እንደወጣ አሳ።
«ይኸው ይተነፍሳሉ!» አለች አንዲት ሴት፣ ተስፋ ልታነሳ።
አይደለም፣ እህቴ። ይህ ትንፋሽ አይባልም፤
ባዶ ቤት በሩ ሲጢጥ ቢል፣ ሰው ገባ አያሰኝም።

ሲስተር የውብዳር፣ በቀይ መስቀል አዳራሽ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣
እግር የሌለው አሻንጉሊት ዘርግታ ስታሳየን እንዴት እንዴት፣
«ልብ በሉ» ትል ነበር በየሁለቱ ቃል፤
እንደ ማንም አስተማሪ «አዳምጡ» ማለቷ መስሎኛል።
ለካ ትእዛዙ ሌላ ነው፦
ልቡ የቆመበት ሰው ካጋጠማችሁ፣
ከውጭ ሆናችሁ ልብ ሁኑት።

«አንተ፣» አልኩት የታክሲውን ረዳት፣ በጣቴ ለይቼ፣
«ዘጠኝ መቶ ሰባት ደውል። ከዚህ እንዳትሄድ።»
መዳፌን ከደረታቸው መሐል፣ ሌላውን በላዩ፤
ክንዴ ቀጥ።
ጫን። ለቀቅ። ጫን። ለቀቅ።
(መልቀቁን አትርሺ፤ ደሙ የሚገባው ስትለቂ ነው።)
በስድስተኛው ቀጭ አለ። አጥንት።
እጄ ሊሸሽ ዳዳው፤ ከለከልኩት።
«ኧረ ቀስ! ገደልሻቸው!»

ገረመኝ።
እናቴ አጎቴን የቀበረች ሰሞን፣ ድንኳኑ ውስጥ ሆና፣
ደረቷን ስትደቃው፣ ስትደቃው ዋለችና
ቆዳዋ ጠቆረ። «ቀስ በይ» ያላት የለም።
ለሞተ የራስን ደረት መምታት ወጉ ነው፣ አያስወቅስም፤
ላልሞተ የሱን ሲመቱ ነው ጉዱ!

ሃያ ላይ ድምፄ ከዳኝ።
ያኔ ረዳቱ (ጌጡ መባሉን የሰማሁት ኋላ ነው)
ቀን ሙሉ ሰው ሲቆጥር የዋለ አፉን ከፍቶ፣
«ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት» አለ፣
«ሜክሲኮ ሜክሲኮ ሜክሲኮ» በሚልበት ዜማ።
ለካ በዚያው ፍጥነት ነው ልብ የሚመታው በዚህ ከተማ።

ሠላሳ። አገጭ ቀና፣ አፍንጫ ጨበጥ፣ ሁለት ትንፋሽ።
ምሳ የበሉት ሽንኩርት ከንፈራቸው ላይ አለ ገና።
ደረታቸው በኔ አየር ከፍ አለ። እንደገና።

ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ።
ጌጡ መዘዘው። «‹አሰለፈች ቤት› ይላል። ምን ልበላት?»
«ምንም። ቁጠር።»
ጮኸ። ቆመ። ጮኸ። ቆመ።
ልብም እንዲህ ቢሆን፣ ቆሞ ሲያበቃ ደግሞ ቢጮህ፣ ምን ነበረ።

ክንዴ ዛለ። «ሰው!» አልኩ። «የሚተካኝ!»
መጀመሪያ ማንም።
ከዚያ ያ ባለ ከረባት፣ አንድ እግሩን ሰልፉ ላይ የተከለው፣
ቦርሳውን ጥሎ ተንበረከከ፤ ቦታውን አሳየሁት፣ ገባው።
ቀጥሎ አንዲት ተማሪ። ቀጥሎ ሊስትሮው፣ እጁን ቀለም እንደነካው።
«ሁለት ደቂቃ ሞላ፣ ተራዬ ነው!» ይባባላሉ፤
የታክሲው ሰልፍ ዞሮ የደረት ሰልፍ ሆነ።
ሦስት ሚኒባስ በራቸውን ከፍተው ቆሙ፤ የገባ የለም።

አምቡላንሱ ስታዲየም ጋ ተይዞ ኖሮ፣
ሲደርስ የሁላችንም ልብስ በላብ ርሷል።
ሽቦ ለጠፉ፤ ማሽኑ ተናገረ፤ «ዘወር በሉ» ተባልን፤ ሰውነታቸው አንዴ ዘለለ።
ባለሙያው አንገታቸውን ዳሰሰ። ቆየ። ፊቱ ምንም አላለ።
በሩ ተዘጋ።

ማን ከማን ኋላ እንደነበር ለሰልፉ ጠፋው።
ጌጡ ሄዶ ዳቦውን ከምሰሶው ሥር አነሳው፣
በሸሚዙ ጠረገው፣
ከጋቢናው መስታወት ሥር፣ ከጓደኛው ጎን አኖረው።
«ስልኩን ይዘውት ሄዱ?» አለኝ።
«ኪሳቸው ከተትኩት።»
«እንግዲህ ስትደውል ራሳቸው ያንሱት» አለ።