ይጠብቃል፣ ይላላል

ከጃንተከል ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒው ደጅ፣
ጃንጥላ ዘርግቼ፣ እስክሪብቶ ይዤ በእጅ፣
የሰው ብሶት ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመቴ፤
ቅኔ ቤት ነበረ የልጅነት ቤቴ።
የኔታ «በቅሎ» ሲሉ
ግማሻችን ጭራ፣ ግማሻችን ቅጠል እናይ ነበር።

እዚህ የሚመጣው አውሬና ከብት አይጣል ነው፤
ቅዳሜ ገበያም ይህን ያህል የለው።

ጓንጉል ከአዘዞ በባጃጅ ገስግሶ
«ጅብ አለኝ» ይለኛል፣ ዐይኑ ደም ለብሶ።
«ምን በልተህ?» አልኩና ሳልጽፍ ጠየቅሁት፤
«የአባታችንን ቤት ነው፣ ብቻዬን የያዝኩት።»

ሌላውን «ነገ ወፍ ሲንጫጫ ና» አለው መዝገብ ቤቱ፤
ቢሄድ ወፍ የለም፤ ባዶ ነው ወንበሩ፣ ክፍት ነው መስኮቱ።
ዓመት ተመላልሶ ዐይኑ ቢጫ ሆነ፤
ሐኪሙ «የወፍ ነው» ብሎት
በወፍ የተጀመረው በወፍ ተከደነ።

እኔም ራሴ አንድ ጊዜ
«መልስ ይዞ እንዲቀርብ ዳኛው አዞ ወጣ»
ብዬ ጽፌ ነበር፤ ልጄን ትርሲትን
ሳቋ እንባ አመጣ።
«ዳኛው አዞ ነው እንዴ፣ አባ? ጥርሱ ስንት ነው?»

እሷ ማራኪ ካምፓስ እንግሊዝኛ አጥንታለች፤
«ማውስ እኮ አይጥ ናት፣ ክሬንም ወፍ ነው» አለች።
አላመንኳትም። ወደ አራዳ ዞር ብዬ ሳይ
ብረቱ አንገቱን አስግጎ ከፎቁ በላይ
ብሎኬት ይለቅማል።
እንግዲህ እነሱም ቃል ሲከብዳቸው
ከብት ላይ ይጭናሉ ማለት ነው።

እትዬ ወርቅያንጥፉ ግን በሐምሌ ዝናብ መጡ፤
ነጠላቸው ርሶ፣ ከሳሙና በር በእግር ወጡ።
«መንገድ ይሰፋል ብለው አጥሬን አፈረሱ፤
አጥሩስ ይሁን፣ ልጄ፤ በሬን ለምን አነሱ?»

የጥድ በር ነው፤ ባላቸው የጠረቡት፣
ማጠፊያውን መትተው ቀለሙን ሳይቀቡት
የሞቱበት።

ጻፍኩላቸው፦ «በሬን ያለ ደረሰኝ ስለወሰዱብኝ…»
ፊደል እንደሆነ ከአፍ እንደወጣ ድምፅ አይደለም፤
ይጥበቅ አይል፣ ይላላ አይል፣ ዝም ነው ዘላለም።
የመዝገብ ቤቱ ልጅ አላልቶ አነበበው።
«እማማ፣ የከብት ጉዳይ እዚህ አይታይም» አለና
ግብርና ቢሮ መራው።

ግብርና ቢሮም ጠየቀ፦ «ቀለሙ ምንድን ነው?»
«ቀለም አልተቀባም።»
«ዕድሜውስ?» «ሠላሳ ሦስት ነው።»
«ሠላሳ ሦስት ዓመት!» ተሳሳቁ። «ያርስ ነበር?»
«አይ፤ ይጠብቀኝ ነበር።»

ይጠብቀኝ ነበር።
ይህን ሲነግሩኝ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ።
ሲጠብቅ ደጃፍ ነው፣ ሲላላ ያርሳል፤
አንዲት ነጥብ ጎድላ ሰው በር አልባ ያድራል።

ነገሥታቱ ለአንድ ግቢ አሥራ ሁለት በር ሠርተዋል፤
እንኮዬ በር፣ ባልደራስ በር፣ አደናግር በር ብለዋል፤
ፈረንጅ እስከ ዛሬ ቲኬት ቆርጦ ያያል።
የእትዬ አንድ ነው፤ ስሙም «በሬ» ብቻ።

ተያይዘን ወረድን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ።
ከድንጋይና ከቆርቆሮ መሃል በሩ ተጋድሟል፤
ለፍልሰታ ፍቺ ሠራተኞቹ የገዙት ቀይ በሬ
ሣሩን በላዩ በትነውለት
ቀስ ብሎ ያመነዥጋል።
እትዬ ቆመው አዩ፣ አዩ፤ ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፦
«በሬ በበሬ ላይ!»
ጥበቃው አልገባውም። «ደረሰኝ አምጡ» አላቸው።

ማታውን ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ አርባ ብሩን አልተቀበልኩም።
ሬዋ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ጣልኩባት፣
ይጠብቃል እንድትል።
የመዝገብ ቤቱ ልጅ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳና
«ዝንብ ነው?» ብሎ
እፍ አለበት።