የፊቱ ዋጋ

ዋተርቤሪ፣ ኮኔቲከት፤ የካቲት። ውጭ በረዶው ጥርስ ያፋጫል፤
ምድር ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር፣ ማሞቂያው ያፏጫል።
በወር አንድ ቅዳሜ የቴምብር ገበያ ይቆማል፤
ሽማግሌው ሁሉ የልጅነቱን ሣጥን ይሸከማል።

የእኔ ጠረጴዛ አሥራ አራተኛው ነው፣ ከመጸዳጃው በር አጠገብ፤
ኪራዩ ቅናሽ ነው እንጂ አይመችም ለመሸጥ፣ አይመችም ለማሰብ።
ነገሥታት በአንድ ዶላር፣ ወፎች በሁለት፣ መርከቦች በደርዘን፤
በሲጋራ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ያ ሰው፣ ሺህ ጊዜ ተደግሞ፣ የሚሸጥ በሚዛን።

ስሙን አልጠራም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤
የማያውቀውም አይቸኩል፣ የራሱን ያውቃል።
ቀዩ አምስት፣ አረንጓዴው አሥር፣ ሰማያዊው ሃያ፤
ትራክተር ተደግፎ፣ ሕፃን አቅፎ፣ ዓይኑን ጥሎ ከእኛ ወዲያ።
በዚያ ዘመን ፊቱን የፈራ ሁሉ ጀርባውን ይልስ ነበር፤
በምን ሌላ ይላካል ደብዳቤ፣ በምን ይጠየቃል ዘመድ ከመንደር መንደር?

"እናቴን ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው" አለች ሻኒሻ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፤
"መብራት ያስገባልን። ይኼን እዚህ የተወለደ ከየት ሊያውቅ?
ሙሉውን ረድፍ ስጠኝ።"

ከኋላዋ የቆመው ፕሬንክ ባርኔጣውን ጨበጠ፤
የናስ ፋብሪካ ጡረተኛ ነው፣ ሁለት ጣቱ በማሽን የተቆረጠ።
"ስንት ነው እሱ?" አለኝ፣ እሷን ሳያይ።
"አምስት ሳንቲም።"
"አምስት?"
"ብዙ ታትሟላ፤ እንደ አሸዋ በምድር፣ እንደ ኮከብ በሰማይ።
ዋጋ የሚያወጣው አንዱ ነው፣ በስሕተት የታተመው፣
ራሱ ቁልቁል የተዘቀዘቀው።"

ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ፤
ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንዲህ ብሎ ጀመረ።

"የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ቴምብር ለቃቃሚ።
አባቴ ከእስር ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ይጽፋል፦ ደህና ነኝ፣ አትታመሚ።
እኔ ደብዳቤው ምኔ ነው? የጎደለኝ ቀዩ ነበር።
ፖስታውን በሳህን ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ሙጫው እስኪለቅ፣ ወረቀቱ እስኪሰንፍ ድረስ፤
ፊቱ ተንሳፈፈ። ያዝኩት። ጨርቅ ላይ አሰጣሁት።
ከዚያ ዞር ስል
ውሃው ሰማያዊ።

ቴምብሩ ቀይ ነው፣ ነገርኩህ። ውሃው ሰማያዊ።
አባቴ ከሥሩ ጽፎ ነበር፣
ከዚያ ፊት ጀርባ፣ ሳንሱሩ በማይደርስበት፣ ጥፍር በሚያህል ቦታ፤
አንድ ቃል ይሁን ሁለት፣ እንጃ። ከደጃፍ ደፋሁት፣ ማታ።
እናቴ 'ምን እያጠብክ ነው?' አለችኝ።
'ምንም' አልኳት።
ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም።"

ማሞቂያው ማፏጨቱን ቀጠለ።
ሻኒሻ ይቅርታ አልጠየቀችም፣ እሱም ይቅርታ አልጠበቀ፤
የእናቷ ፊደል እውነት ነው፣ የእሱም ውሃ፤ አንዱ በአንዱ አልታጠበ፣ አልደረቀ።
ጓንቷን አወለቀች፣ ያ ብቻ። ረድፉን ከፍላ ወሰደች፣
በሩ ጋ ስትደርስ አንዴ ዞራ አየችው፤ የምትለው ነበራት፣ ተወችው፣ ወጣች።

ፕሬንክ ከሣጥኑ አንድ ቀይ አነሣ፣ በወረንጦ፣ በስምንት ጣት፤
"ጀርባው ሙጫ አለው?"
"አለው። አዲስ ነው፣ ማንም አልላሰው፣ ማንም አልነካው በእሳት በውሃት።"
ገለበጠው። አጉሊ መነጽሬን ተዋሰኝ፤
ነጭ ነው፣ ባዶ፣ አንድም ጭረት የለበት፤ እሱ ግን አነበበ፣ ጊዜ ወሰደበት፣ እኔም አልቸኮልኩ፣ አልቸገረኝ።

አምስት ሳንቲሟን በእጄ አኖረ።
የፊቱን ዋጋ ከፈለ። የኋላውን ማን ይተምን?

ሲመሽ ወፎቹን፣ ነገሥታቱን፣ መርከቦቹን ከተትኩ።
ከታች አንድ መሳቢያ አለኝ፣ የእኔም አገር ያተመችው፣ የእኔም ያ ሰው፤
ቁልፉን በኪሴ ዳበስኩት።
ዛሬም ሳልከፍተው።