ቀሪ

አዘዞ ነው ሥራዬ፣ ሰሊጥ መጋዘን፣
ሰው በሰዓት ስሰፍር፣ በደቂቃ ስመዝን።
ለመጣ ጭረት ነው፣ ላረፈደ ቀይ፣
ላልመጣ አንዲት «ቀ» — በቃ፣ ሌላ የለም ከዚያ በላይ።

አባቴ በዓታ ሰፈር ቁም ጸሐፊ ነበር፣
ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ የሚያድር።
አንድ ፊደል ሲስት በቢላ ይፍቃል፣
«ቆዳ» ይለኝ ነበር፣ «ቆስሎም ቢሆን እውነት ይሸከማል፤
ወረቀት ግን፣ ልጄ፣ ሲፍቁት ይቀደዳል።»

ትርፌ ትባላለች፤ ወንፊት ማሽኑ ላይ
አምስት ዓመት የቆመች፣ ጠጠር ከሰሊጥ ስትለይ።
የትርፍ ሰዓቷን በእጄ እመዘግባለሁ፣
ከደመወዝ ወረቀቷ ሲጠፋም አያለሁ፤
«ትርፌ!» ብዬ በጠራኋት ቁጥር
የገዛ አፌን እታዘባለሁ።

በየካቲት ጓንት ጠየቀች።
በመጋቢት «ለቀበቶው ሽፋን ይሠራለት» አለች።
በሚያዝያ «ይታያል» የሚል ማስታወሻ አገኘች።

ማክሰኞ ማታ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ፣
ቀበቶው እጅጌዋን ያዘ።
ጩኸቷ ከማሽኑ ድምፅ በታች ነበር፤
የሰማናት ሰሊጡ ሲቀላ ነው።

በማግስቱ አቶ ባይነሳኝ ቢሮው አስጠራኝ፣
ሻይ አዘዘ፣ ወንበር ሳበ፣ እንደ ወንድም አየኝ።
«ማክሰኞን ቀሪ በላት፤ ሕክምናዋን እኛ እናያለን፣
ተቆጣጣሪ መጥቶ ቢያሽገን
ሰባ ሰው ነው ከዚህ በር የሚበላ፣ የት እናደርሰዋለን?»

ሰባውን ሰው አሰብኩ። ከሰባው አንዱ እኔ ነኝ፤
የማራኪ ቤት ኪራይ፣ የልጄ ትምህርት ክፍያ ታየኝ።
ጻፍኩ፦ «ቀ»።
ከዚያ ሻዩን ጠጣሁት። በርዶ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መጣች፣ እጇ በፋሻ፣
ልትቀበል የሠራችበትን፣ የግማሽ ወር ድርሻ።
በግራ እጇ መዝገቡን ገለጠች፣
ማታ ትምህርት ቤት የቆጠረችውን ፊደል ተከተለች፣
ማክሰኞ ላይ ስትደርስ ቆመች።
አልጮኸችም።
«ልክ ነህ» አለች፣ «ቀሪ አለኝ፤
ሁለት ጣቶቼ ናቸው የቀሩት፤ እኔማ ያው መጣሁ፣ ቁጠረኝ።»

ያን ሌሊት ምላጭ ይዤ መዝገቡ ላይ ጎነበስኩ፣
«ቀ»ን እፍቃለሁ ብዬ ገጹን በሳሁ።
አባቴ እንዳለው ሆነ።
በቀዳዳው ውስጥ ረቡዕ ታየ፣
ሁላችንም በሰዓታችን የገባንበት፣
ሁላችንም ዝም ያልንበት ረቡዕ።

ዛሬ ከፒያሳ በታች፣ ከሥራ ክርክር ችሎት በር፣
አንድ አግዳሚ ላይ ነን፣ እሷና እኔ፣ ብዙም ሳንነጋገር።
ባጃጅ ያልፋል፣ ሎሚ ሻጭ ይጣራል፣
የባይነሳኝ ጠበቃ ጥቁር ቦርሳ ይዟል፤
የኔ የተበሳው ገጽ በፌስታል ተጠቅልሏል።
አዘዞ አሁን ሁለት ሰዓት አልፏል፤
በሌላ ሰው እጅ፣ በስሜ ትይዩ፣ «ቀ» ተጽፏል።
ይጻፍ።

በሩ ተከፈተ። ጸሐፊዋ ወረቀቷን አየች፣
«ምስክር እንዳላማው ቢያድግልኝ!» ብላ ተጣራች።
እግሬ ትንሽ ዘገየ።
ትርፌ በቀሩት ጣቶቿ ገፋ አደረገችኝ።

«አለሁ» አልኩ።