ተራ ጠብ

በአስራ አንደኛው ቀን ደግሞ መጣች ሉባባ፣
እኔ ቀና ሳልል፣ እሷ በራፍ ቆማ፣ ገብታ ሳትገባ።
የነገደ ወይጦ ልጅ፣ ደንገል ስትጎነጉን ያደገች፣
ዘንድሮ ግን ቤት ለቤት ዞራ የሰው ቁስል የምትለቅም የሆነች።
ለሼኩም ለቄሱም ተናግራ ጨርሳ፣
ባጃጅ ተራ ድረስ፣ የተማሪ ሰልፍ ድረስ፣ ሁሉን በእግር ዳስሳ፣
የቀረኋት እኔ ነኝ፤ የጣቢያው መዝገብ ያዥ፣ አንድ ቃል የማላነሳ።

ፌስታሏን ፈታች፤ የልጅ ልጇን ደብተር ዘረጋችው፣
በደንገል የሻከረ ጣቷን ካንድ ቀን ላይ አኖረችው።

የኔው መዝገብ አጭር ነው፦
«ግንቦት ሦስት፣ ሌሊት፣ ከሽምብጥ በታች፣
ሰባት ታንኳ ነደደ። ሰው አልሞተም። ተራ ጠብ።»
የሷ ደብተር የሰባቱን ባለቤት ስም ይዟል፣
የለኮሱት ጎረምሶች እየሳቁ ያሉትን ይዟል፣
እንድሪስ የሚሉት ልጅ፣ ሊያጠፋ ገብቶ፣ መዳፉ መላጡን ይዟል።

«ታንኳማ» አልኳት፣ «ባይነድም መበስበሱ አይቀር፣
ደንገል እንደሁ አይጠፋ፣ ሞልቷል በሐይቁ ዳር።»
«አውቃለሁ» አለች፣ «አጭጄ የማቀብል እኔ፣ ባሌ የሚጠፍረው፤
ውሃ ሲያበሰብሰው የማን ነህ ብሎ አይጠይቀው፤
እሳቱ ግን ዘራችንን ጠርቶ፣ ሰድቦ ነው የመጣው።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»
«ጥላቻ ብለህ ጻፍ።
ያንተው አራት ፊደል ነው፣ ይኼ ሦስት፤
ቀለም ይተርፈዋል ለመንግሥት።»

«ቅጹ ላይ የለም፣ እማማ» አልኩ።
ውጭ ሙቀቱ ዘንባባውን አጠውልጎታል፤ ከሐይቁ ነፋስ የለም።
«ውሃ ካለህ» አለች።

ከጀሪካኑ አፍ ላይ አንድ ኩባያ ተደፍቷል፣
አስሩም ፖሊስ፣ እስረኛው ሳይቀር፣ ጠጥቶበታል።
እጄ አለፈው።
እኔ አላዘዝኩትም፤ እጄ ብቻውን ሄደ፤
ከጠረጴዛው ስር ገብቶ የተጣለ ሃይላንድ ይዳብስ ጀመር፣
እናቴ ያስተማረችው መንገድ ነው፣ ሳትናገር።

ሉባባ እጄን አየችው።
አልተቆጣችም። እንደ ታመመ ልጅ ነው ያየችው።
«እሱንም መዝግበው» አለች፤
ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሳትጠጣ ወጣች።

ሲመሽ መዝገቡን ገለጥኩ።
«ተራ» የሚለውን ሰረዝኩ።
«ጠብ» ብቻውን ቀረ፣ ከውሃ እንደ ወጣ ቀረሶ አፉን ከፍቶ።
«ጠ»ን «ጥ» ለማድረግ አንዲት ጭረት ትበቃ ነበር።
እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፤
ያው እጄ ላይ።