ሚኒሞ

እሑድ ጠዋት፣ ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣
ቪትዜ ትንዘፈዘፋለች፣ ሮቢት ወርዳ እንደያዛት ወባ።
አደባባይ ላይ ስቆም ትጠፋለች፣
ስረግጣት ትዘላለች፤
ሚኒሞዋ አንዴ ሰማይ፣ አንዴ መሬት ይሆናል፣
የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ጆሮውን ጥሎ ያዝናል።

ትናንት ነው ጉሮሮዋን ከፍቼ ያጠብኩት፣
በቁጥር አሥር መፍቻ ብሎኖቿን የፈታሁት።
የስኒ አፍ የምታህል የናስ ክዳን አለች፣
አየር ስታሳልፍ ኖራ በጥቀርሻ የጠቆረች፤
በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በጨርቅ፣ በቤንዚን
ፈተግኳት፣ እስካይባት ድረስ የገዛ ዓይኔን።

ጸዳች። ጸድታ ግን ባሰባት።
ምን ነካት?
ለካስ ኮምፒውተሯ የለመደው ቆሻሻዋን ነበር፣
ጥቀርሻውን አስልቶ፣ ጨምሮ አየር የሚሰፍር።
ዛሬ ጥቀርሻው የለም፤ እሱ ግን አላመነም፣
ለሌለ እድፍ በር ያሰፋል፣ ለሄደ ሌባ አይተኛም።

አባቴ እርገጤ በረንዳው ላይ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው፣
ጣርማ በርን በጭጋግ ኤንትሬ ሲያወርድ የኖረው፣
ሚኒሞን በጆሮው ብቻ፣ በአንዲት ብሎን የሚያቀናው፣
«ብሎኗ የታለች?» አለኝ።
«ብሎን የለም አባዬ፤ ካቦም የለም።
እግርህ ለሽቦ ይነግራል፣ ሽቦው ለኮምፒውተሩ።»
«ታዲያ ማነው የሚረግጠው?» አለ እርገጤ።

ከፋሲካ ወዲህ አረቄ አልቀመሰም፤
ሰባት ወሩ ነው።
እትዬ ደብሪቱ እንኳ የዱቤ መዝገቧን ዘግታለች።
እኔ ግን ዛሬም፣ ማታ በሩ ሲንኳኳ፣
የኮቴውን አጣጣል እቆጥራለሁ፣
የመኪናዬን ቁልፍ ትራሴ ሥር አሳድራለሁ።

የባትሪውን ነጋቲቭ ፈታሁት።
ሩብ ሰዓት ይቆያል።
ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይዋን ሞቅን፣
እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ።
«ሁሉን ነው የምትረሳው?»
«የለመደችውን።»
«መንገዱንስ?»
«መንገዱን ድሮስ መች ታውቀዋለች።»
ዝም አለ። እጁን አየሁት፣
ጉልበቱ ላይ የተኛውን።
አይንቀጠቀጥም።

ነጋቲቩን መልሼ አሰርኩ።
እኔ ከኮፈኑ ሥር ሆኜ ክዳኗን ላይ ነውና
ቁልፍ የሚያዞር ሰው ያስፈልገኛል።
ኪሴን ዳበስኩ።
ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ሰጠሁት።
«አታስነሣት፤ አዙረህ ብቻ ጠብቅ።
ነዳጅ መስጫውን እንዳትረግጥ።»

እርገጤ እግሮቹን ከመኪናዋ አወጣ፣
አንዱን ጫማ ውርጭ ካረፈበት ሣር ላይ፣ ሌላውን በላዩ አጣምሮ፣
ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ ግንባሩን አኮሳትሮ።
ጠቅ።
ከጉሮሮዋ ንብ የሚመስል ድምፅ ወጣ፤
ክዳኗ ተከፈተች፣ ተዘጋች፣ ግድግዳዋን ነካች፣
ዜሮዋን ዳብሳ አገኘች።
ሠላሳ ቆጠርኩ። «አጥፋ።»
ደግሜ ቆጠርኩ። «አሁን አስነሣ።»

መጀመሪያ ጮኸች።
እጄ ሳላዘው ወደ ባትሪው ሄደ።
«ተያት» አለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ትፈልግ።»
መብራት አላበራንም፣ ሬዲዮ አልከፈትንም፣
ማንም ምንም አልረገጠም።
ሺህ ስምንት መቶ፣
ሺህ ሁለት መቶ፣
እንደገና ሺህ አራት መቶ፣
ከዚያ ቀስ እያለች ወረደች፣
ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣
በማርሽ እንጂ በፍሬን አይደለም።
ሰባት መቶ ሃምሳ ላይ ቆመች።
የጎረቤቱ ውሻ ጆሮውን አነሣ።

«ኤንትሬዬ እንዲህ ጸጥ ብላ አታውቅም» አለና
ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረው።
ሞቆ ነበር።

ቤት ገብቼ፣ በሩ አጠገብ ካለችው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፣
ማንም እጁን ቢሰድ ከሚደርስባት።
ሌሊት ግን ሁለቴ ተነሥቼ
አየሁት።